ሞርሳ ላይ ያለች ዝንብ

ሰዓት ሠሪ ነበርኩ፣ ፒያሳ ጥግ ላይ፣
የሰው ደቂቃ ስጠግን፣ የራሴን ሳላይ።
ኋላ ጊዜው ሁሉ ስልክ ውስጥ ገባ፤
ሱቄን ቆለፍኩና
ለወረንጦዬ ሰጠሁት ላባ።

አሁን ዝንብ እሠራለሁ።
አትሳቅ፤ ሳቁን ለዳንጊሶ ተወው፣
ከጀልባው ሲወርድ በየማለዳው ደጄን ለሚያንኳኳው፦
«ሰውዬ፣ ዝንብማ ሞልቷል አሞራ ገደል፣
አሳ ከሚበለትበት፣ ከሆድ ዕቃው መሐል፤
አንተ በመነጽር፣ በሰም፣ በፈትል
ምን ጎደለ ብለህ ነው የምታበዛው?»

እሱ መረብ ጥሎ ቆሮሶ ያፍሳል።
የኔ አሳ ሐይቁ ውስጥ የለም፤
ከዶዶላ ማዶ፣ ዲንሾ፣ ዌብ ወንዝ ውስጥ ይኖራል፣
ብርድ የሚወድ፣ ጎኑ ነጠብጣብ የተረጨ፣
ድንጋይ ተገን አድርጎ የውሃውን ጣሪያ ያፈጠጠ።
ትራውት ይሉታል። ከሩቅ አገር መጣ አሉ፣ በበርሜል ተጭኖ፤
ዛሬ ግን የባሌ ነው፣ ኩሩ ሆኖ።

እሱን ያሳየኝ ገነሞ ነው፣ የጫካ ዘበኛ፣
ቃል የማያባክን፣ የዝምታ ጓደኛ።
ሰዓት ሊያስጠግን መጥቶ አንድ ክረምት
ሒሳቡን የከፈለኝ በሁለት መንጠቆና በአንድ ትምህርት፦
«አሳው ሞኝ አይደለም፤ ላባ አይበላም።
የሚበላው ጥላዋን ነው፤ ጥላ ካላወቅህ ዝንብ አትሠራም።»

ከአባ ኮዳ ጀመርኩ።
ያ ራሰ በራ፣ ጉሮሮው የተንጠለጠለ፣
በአሳ አንጀት ሲሻማ የዋለ፣
ከጭራው ሥር፣ ማንም ከማያየው ቦታ
እንዲህ ያለ ልስላሴ! ጥጥን የረታ።
ወፉን አልነካም። የወደቀ እለቅማለሁ፣
በሳሙና አጥባለሁ፣
መስኮት ላይ አሰጣለሁ።

ለአንገቷ ግን ገብስማ አውራ ዶሮ ያስፈልጋል፤
ይህን ሰፈሩ ያውቃል።
በዓል ሲቃረብ ወይዘሮ ጥሩዬ በአጥር ይጣራሉ፦
«አንተ ሰው፣ ቀይ ልግዛ ወይስ ገብስማ?» ይላሉ።
ወጡ ለሳቸው፣ የአንገቱ ላባ ለኔ፤
ሌላ ውል የለንም።

ክሩን የምታቀብለኝ እታፈራሁ ናት፣ ከፋብሪካ ስትመጣ፣
ለሸሚዝ የማይበቃ የድውር ጫፍ፣ ከጥራጊ ጋር የወጣ።
«አጎቴ፣ ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ነው፤ ቀጥ ያለ መስመር እሰፋለሁ፤
ክር ሲጠማዘዝ የማየው አንተ ጋ ስመጣ ነው» ትላለች፣
ሳትጨርሰው ወንበሩ ላይ ትተኛለች።

ክሩን በሰም አሻለሁ።
ሰሙ ጣቴ ላይ ይቀራል። ወርቁ? ወርቁ ብረት ነው፣
ላባ ለብሶ ጉንጭ የሚወጋው።
ቅኔ ቤት አልገባሁም፤ ይህ ግን ለመደብኝ፦
አንድ ነገር ሲያምር፣
መንጠቆው የት አለ ማለት ይቀድመኛል፣ ሳላውቀው ያመልጠኝ።

ገነሞ አምና ሞተ። ጉልበቴም አብሮት የሄደ ይመስለኛል፤
ሻሸመኔ ድረስ እንኳ አውቶቡስ ያደክመኛል።
«ታዲያ ለማን ነው?» ይላል ዳንጊሶ።
እኔ እንጃ።

ትናንት ማታ ከሐይቁ ትንኝ ተነሥቶ
ጠረጴዛዬ ላይ ረገፈ፣ አምፖሌን ከቦ ከቦ ሰልችቶ።
አንዷን ጨርሼ፣ ከሞርሳው ፈትቼ አስቀምጫለሁ፤
ግራ ዓይኔ ሞራ ለብሷል፣ በቀኙ እሠራለሁ።
ጭራዋን ላቃና ብዬ በወረንጦ ስነካት
በረረች።

በረረች!
እጄ አየር ላይ ቀረ።
ለአንዲት ትንፋሽ ያህል፣ ማርያምን፣ የሠራሁት ነፍስ ዘራ።
«እታፈራሁ!» ብዬ ልጣራ
አፌን ስከፍት፣ የኔዋ፣ ክንፏን ዘርግታ፣
እዚያው ነበረች፣ ከመብራቱ ሥር ተኝታ።

ብቻዬን ሳቅሁ።
ገነሞ ቢኖር ምን ይል ነበር? ምንም።
ሰዓቱን ያይ ነበር፣ ያን እኔ የጠገንኩትን፣
በቀን አራት ደቂቃ ወደ ኋላ የሚቀረውን።

ጠዋት ለዳንጊሶ አልነገርኩትም፤ ባርኔጣው ላይ ግን አንዷን ሰካሁለት።
«ምን ታደርግልኛለች?» አለ። «ምንም። ዝም ብለህ ተሸከማት።»
እያጉረመረመ ወደ ሐይቁ ወረደ።
ከሩቅ አየሁት፤ አሳ የምትሸጠው ሴትዮ
የኮባ ቅጠል አንሥታ
ከራሱ ላይ ዝንብ ስታባርርለት።