እጅ መስጠት

ሐሙስ ነው፤ ዝናብ ነው፤ ቫልዲቪያ ደጇ ርሷል፤
የባሕር አንበሳው የዓሣ ራስ ጎርሷል፤
ቢላዬን አጥቤ፣ መደቤን ዘጋሁና
ደረጃ ወጣሁኝ ከእነ ዓሣው ጠረና፣
ከሰዓት ሠሪው በላይ፣ ወደ ሦስት ወዳጅ፣
አንድ ክብ ጠረጴዛ፣ አራት ድብቅ እጅ።

ኦቪዲዮ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነው፤
ዘንዶውን ሲያወጣ ጣራው ነው የሚጠበው።
ክንፉን ሲዘረጋ፣ ወረቀት ነው ሳልል፣
ብርጭቆዬን አነሣሁ ቢራው እንዳይግል።

ራዬን ናት ቀጥሎ፣ የነርስነት ተማሪ፤
ድምፅዋ ለስላሳ፣ ዓይኗ ልብ መርማሪ፤
ሁሌ ሁለተኛ ናት፤ አትዝትም፣ አትለምን፤
ረጅም ዛፍ ቆሞ ቁጥቋጦ ለመብረቅ ምን?

ዶን ቤሊሳሪዮ፣ ጡረተኛው ውል አዋዋይ፣
“አትንካኝ” ቢሉት “እስከ የትኛው ዙር?” ባይ፤
“አንተ ብቻ ወይስ ጭፍሮችህም ጭምር?
አስማትስ? መርገምስ? ይቆጠር፣ ይዘርዘር!”
ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እኔም ስቄያለሁ።
ከዚያው ዝርዝር መሐል ቀዳዳውን አየሁ።

ሁለት ሰው ሲጫወት ጥበቡ ስሌት ነው፤
አራት ሲሆን ግን ጥርስ፣ ቅንድብ፣ ሳል ነው።
ማን ማንን አየ? ማን ቀድሞ ሳቀ?
ማን ካርታ ሲስብ ከንፈሩ ደረቀ?
ጠንካራ ነኝ ያለ ቶሎ ይቀበራል፤
ደካማ ነኝ ያለን ማን ምሎ ያምነዋል?
ስለዚህ መሐሉን፣ ለብ ያለውን ቦታ
እንደ ድመት መፈለግ፣ ያ ነው የኛ ጨዋታ።

ያን ለት ጎርፍ ነበረ በእጄ፤ ሁሉን ጠራጊ።
ፊቴ ግን ምስኪን ነው፣ ምጽዋት ፈላጊ።
“እኔማ ምን አለኝ? ሁለት ያጣ ጎመን!
ያ ዘንዶ ነው እንጂ ነገ የሚያወድመን።”
ራዬን ዝም ብላ ቀስቷን አዞረች፤
ለዶኑም ውል ሰጠሁ፤ ቃሌ ፈጥና ወጣች፦
“ሁለት ዙር ሠራዊቴ ከቶ አይነካህም፤
ጦሬ፣ ፈረሴ፣ ውሻዬ ደጅህን አይረግጥም።”
ተጨባበጥን። የእሱ እጅ የወረቀት ሽታ፣
የእኔው ዓሣ ዓሣ፣ ሳሙና ያልረታ።

ዘንዶው ተገደለ። ኦቪዲዮ ተሳድቦ
ሲጋራ ሊያጨስ ወጣ ኮቱን ደርቦ።
ያኔ ጎርፌን ጣልኩት።
                    ሜዳው ባዶ ሆነ።
ዶኑ ካርታውን አየ፤ ቀጥሎም እኔን።
“ቃሌን አላጠፍኩም፤ ውሃ ጦር አይደል!”
ራሱን ነቀነቀ፦ “ልክ ነህ፤ የውሉ ፊደል
አልተፋቀም” አለ፤ “ረጠበ ብቻ።”
ሌላ ሐሙስ አብረን ነው፤ ያን ለት ወረድኩ ለብቻ።

የጨዋታው ሕግ መጽሐፍ፣ አርባ ገጽ ደቃቅ፣
ስለ ሁሉም ይላል፤ ይህን ግን አያውቅ፦
ሁሉም ካርታ ይበወዛል ከመቃብር ተነሥቶ፤
የተናገርኩት ብቻ ይቀራል ተዘርግቶ።

በሳምንቱ መጣሁ። ወንበሬ ነበረች፤
ራዬን ፈገግ ብላ ቢራ አቀረበች፤
ማንም አልተቆጣ፤ ያ ነበር ክፋቱ።
“እንዋዋል?” አልኩት ዶኑን ፊት ለፊቱ።
“እንዴታ!” አለና፣ “እስከ መቼ?” አላለኝ፤
ሳይቆጥር፣ ሳይዘረዝር፣ ሞቅ አድርጎ ጨበጠኝ።
ዘንዶውም፣ ቀስቷም፣ የሽማግሌው ጦር
አንድ ላይ ደረሱ በሦስተኛው ዙር።

እጄን ሰጠሁ። ገልብጬ አሳየሁ የያዝኩት፦
ከነካርታው ሰባት መሬት፣ አንድ ዘብ የሌለበት።
ሦስቱ ይደራደራሉ። እኔ ዝናቡን ሰማሁት።
ከወንዙ ዳር አንበሶቹ ያገሣሉ፤
ለካ ዛሬ የዓሣ ራስ አልጣልኩላቸውም።

ኦቪዲዮ ሲሞት (ማን ገደለው? ሁለተኛዋ፣ ማን ይሆናል?)
ኮቱን ደረበና፣ ከበሩ ላይ ዞሮ፣
“ትመጣለህ?” አለኝ።

አላጨስም። ግን ወጣሁ።