ዛሬስ ማን ነህ?

ይርሳው ፈንቴን ማንም በስሙ አይጠራው፤
ለጉሊት ሻጭ ሌባ፣ ዳኛ ለባለተራው።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሙሉዓለም መድረክ
ጳጳስ ሆኖ ሲባርክ፣ ሎሌ ሆኖ ሲንበረከክ፣
ኖሮ ኖሮ ሬሳ ሆነ፤ ዝንብ አፍንጫው ላይ አርፎ፣
አዳራሹ ሲስቅ፣ እሱ ትንፋሹን ቆልፎ።
ያን ዕለት ብቻ ነው ስሙ ከላይ የዋለ፤
ያውም ማስታወቂያው «ይርጋው ፈንቴ» እያለ።

ሲመሽ ጣና ዳር ይወርዳል፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ
የከሰል ጺሙን ያጥባል፣ የሙጫ ቅንድቡን ልጦ።
«ዛሬስ ማን ነህ?» ይለዋል ባለታንኳው ባየ።
ኪሱን እየዳበሰ፣ ሳንቲም እየለየ፣
«ዛሬ ዓሣ ገዢ ነኝ» አለው፣ ሳቀ ይርሳው፤
«ግማሹን በዱቤ አርገው፤ ቃሌን መች ልረሳው!»