እሺ

ስሟ ዘነበች ነው፤ በርገንም ዘነበ፣
ሰባቱ ተራራ በጉም ተከበበ።
ላፕቶፗን በፌስታል ደራርባ ጠቅልላ
በሬን አንኳኳችው ከፈረቃ ኋላ።
«ደባል ገባበት፤ ኪራይ የማይከፍል፣
ሳልጠራው አቤት፣ ሳልልከው ወዴት የሚል!»

እኔ ሹፌር እንጂ ጥገና አልተማርኩም፤
አምና በራሴ ላይ ይኸው ባይደርስ አላውቅም።

ከፈትነው።
ገጹ የሷ አይደለም። የአየር ሁኔታ ብትል
የጫማ ገበያ መጥቶ ይደረደራል፤
የጀልባ ሰዓት ብትል፣ ቁማር ቤት ያደርሳል።
«እንኳን ደስ ያለዎት፣ ስልክ አሸነፉ!» ይላል፤
ቀጥሎ ደግሞ በቀይ፣ «አምስት ቫይረስ አለ፣
ጊዜው ሳያልፍብዎ ይደውሉ!» እያለ።
ጅብ በማያውቁት አገር
ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው ለካ ይኼን ኖሯል።

«አልደወልሽም?» አልኳት። «ልደውል ነበረ፤
ደግነቱ፣ የስልኬ ሒሳብ አልቆ ቀረ።»

እንዴት ገባ?
ለቤት ማመልከቻ ሦስት ወረቀት ነበራት፣
ባንድ ፋይል አጣምሪ ብሎ ማዘጋጃው አዘዛት።
«በነፃ» የሚል ፈለገች። አረንጓዴ ቁልፍ ሳቀላት።
ተጫነች። «ቀጥል» አለ። ቀጠለች። «ይስማማሉ?» አላት።
«እሺ» አለች።
ከሥሩ ጉንዳን የሚያህል ፊደል፣ አስቀድሞ ራይት የተደረገ፣
ሦስት ጓደኛ አስከትሎ ገባ፤ አንዱም ፈቃድ አልፈለገ።

ምን ታድርግ? እናቷ ያሳደገቻት «እሺ ይበልጣል ከሺ» ብላ ነው፤
እዚህ ግን አንዲት እሺ ሺህ ሆና ተመልሳ ቤቱን ሞላችው።

ኢንተርኔቱን ነቀልን።
ፕሮግራሞቹን በገቡበት ቀን ደረደርናቸው፤
ያን ማክሰኞ የገቡት አራት፣ ስማቸው የዋህ ነው፣
«ረዳት»፣ «ፈጣን»፣ «ቅናሽ»… አንድ ባንድ አባረርናቸው።
አንደኛው ሊወጣ ሲል፣ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ አለቀሰ፤
ቁልፉን ገልብጦ ሠርቶት፣ «አዎ» ያልነው «ይቆይ» ሆኖ ደረሰ።

ከዚያ ከብሮውዘሩ ጥግ አንድ መስመር አየን፤
«ይህን የሚያስተዳድረው ድርጅትዎ ነው» የሚል።
ዘነበች ሳቀች፣ ዕንባዋ እስኪመጣ። «የቱ ድርጅት?
የሆቴል አንሶላ አጣቢ ነኝ፤ ያለኝ ድርጅት የካውያ እንፋሎት!»

ሐሙስ ንጹህ ነበር።
ቅዳሜ ተመልሶ ቁጭ! ያው ጫማ፣ ያው ቁማር።
ሥሩ ለካ ስልኳ ላይ ነበር፤ አካውንቷ በታማኝነቱ
ያጠፋነውን ደባል መልሶ አወረደው፣ ከነጓዙ፣ ከነድስቱ።
ማመሳሰሉን ዘጋን። ከሀ ጀመርን። የይለፍ ቃሏንም ቀየረች፣
የልጇን ልደት ትታ ረጅም አዲስ፤ እኔን «ዙር» ብላ ጻፈች።

ምክር አልሰጠኋትም። ራሷ ናት ክዳኑ ላይ የለጠፈችው፦
«ዕቃን ከሠሪው ቤት ውሰጂ፤ ከመንገድ ደላላ አይደለም።
ራይቱን አጥፊ። ታመሻል ብሎ መንገድ ላይ የሚጮህ ሐኪም የለም።»

በወሩ በሬ ተንኳኳ። ፌስታል አልያዘችም፤
ከካፖርቷ ሥር ያወጣችው ወረቀት ነው፣ ዝናብ አልነካውም።
አለቃዋ ሲሪ፣ «አዲስ ውል ነው፣ እዚህ ጋ ፈርሚ» ብላታለች፣
ፈገግ እንዳለች፣ እንደዚያች አረንጓዴ ቁልፍ።
«እሺ» ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ዘጋችው። «ላንብበው» አለች።

ኖርዌጂያንኛው ለእኔም ይከብደኛል፤
ጉንዳን ጉንዳኑን ፊደል በጣታችን ተከተልን እስከ ሌሊት፤
ሰባተኛው አንቀጽ ላይ አገኘናት፣ እሁዷን ያለ ጭማሪ የምትወስድባት፣
አስቀድማ ራይት የተደረገች አንዲት ትንሽ ቤት።

ዘነበች እስክሪብቶ አነሳች።
ውጭ ያው ይዘንባል።
«እምቢ የሚሉበትም እኮ አለ» አለችኝ፣ ቀና ሳትል፣
«ብቻ ግራጫ ነው።»