ገመድ ያዡ

ደይራ ዳር ነው ሥራዬ፣ ባሕሩ ምላሱን
በሁለት ሰፈር መሐል አሹልኮ
በሚቀምስበት አፈሩን፣ አስፋልቱን፣ መብራቱን።
ወንዝ ይሉታል እንግዶች፣ ፎቶ ሲነሡበት።
እኔ ስድስት ዓመት ባልዲዬን ሞልቼበታለሁ፤
ወንዝ ቢሆን ይወርድ ነበር።
ይህ ግን ይመጣል፣ ይሄዳል፣
እንደ ኮንትራት ሠራተኛ።

ሐሙስ ለዓርብ ሌሊት፣ በዘጠኝ ሰዓት ግድም፣
ሱኩማራን መሰላል ተሸክሞ፣ እኔ ባልዲ ይዤ እቀድም።
የነሐሱን ሰውዬ ከጨው እናጥባለን፦
ከቅንድቡ፣ ከጎድኖቹ መሐል፣
አፍንጫውን ከቆነጠጠችው የቀንድ ቅንጣቢ ሥር፣
እርግቦች ከሚያድሩበት ብብቱ፣
በጥርስ ብሩሽ።
ዕንቁ ጠላቂ ነው፤ አፉ እንደተከፈተ የቀረ።
ከወገቡ የነሐስ ገመድ ተነሥቶ ሽቅብ ይወጠራል፣
ሁለት ክንድ ያህል ይሄድና አየር ላይ ይቀራል።
ቀራጺው እዚያ ጋ ነሐስ አልቆበት ይሆናል፣ ወይም ገንዘብ፣
ወይም ጥበብ ነው፤ እኛ ለማጠብ እንጂ አልተቀጠርንም ለማሰብ።

ከኋላችን መስታወት የለበሰ ግንብ በግንብ ላይ ነው።
አንደኛው ከእግሩ እስከ ራሱ ተጠማዟል፣ ጨርቅ ሲጨመቅ ይመስላል፤
«ይህንንስ የሠራው አጣቢ ነው» ሱኩማራን ይላል።
ከግርጌያቸው የድሮው የነፋስ ማማ፣
የባሕር ድንጋይና ጭቃ፣
አራት አፍ አለው፤ ምንም አይናገር።

በዚህ ሰዓት ድልድዩ ይከፈታል። መብራቱ ይቀላል፣
መኪና ሁሉ ይቆማል፣ ወገቡ ለሁለት ይከፈላል፤
ከበርበራ ፍየል አምጥታ ያራገፈች ጀልባ
ጎማና አሮጌ ፍሪጅ ቆልላ በመሐሉ ታልፋለች።
«ወንዝ አያሻግርም» ይል ነበር አባቴ፣ ስለ ሰበብ፣ ስለ ደካማ ነገር፤
ድልድይ ሞልቷል፣ የሚሻገሩት ወንዝ ግን የለም በዚህ አገር።

አንድ ሌሊት ሽማግሌ መጣ፣ ምርኩዙን እያንኳኳ፣
ነጭ ቀሚሱ በወበቁ ከጀርባው ተጣብቆ።
ቀና ብሎ ጠላቂውን አየው። ቆየ።
«ይህ ሰው ሞቷል» አለ።
«ገመዱን የያዘው የታለ?»

በሰባራ ዓረብኛዬ «አባቴ፣ እኛ አጣቢዎች ነን» ስል፣
«አውቃለሁ። አንተ ልጅ፣ ስማ፤
ጠላቂ ብቻውን አይወጣም ከዚያ ጨለማ።
ገመዱን አንዴ ሲነቀንቅ ትንፋሹ ማለቁ ነው፤
ላይ ያለው ካልሳበው፣ ባሕሩ ነው የሚስበው።
አባቴን ሃያ በጋ የሳበው መልክህን የመሰለ ሰው ነበር።
ፈይሩዝ ይሉት ነበር።»

ፈይሩዝ። የድንጋይ ስም፣ የቀለበት ፈርጥ።
«እናቱ ያወጣችለትስ?» አልሁ።
ሽማግሌው አፉን ከፈተ፣
እንደ ነሐሱ፣ ትንፋሽ አጥቶ።
ኋላ ነው፣ ወደ ውኃው ዞሮ፣ ቀስ ብሎ ያወጣው፦
«ገዝተውት ነበር። ገዝተው ያመጡት ሰው ነው፣
ነፍሳቸውን እጁ ላይ ያስቀመጡት።»
ከዚያ በምርኩዙ መሰላሉን ነካ አደረገ፦
«ውጣና ያዝልን።»

ወጣሁ። ገመዱ የቀኑን ፀሐይ ገና አልጨረሰም፣ ይሞቃል።
በሁለት እጄ ያዝሁት።
ድልድዩ እንደ ልማዱ ለሁለት ተከፍሎ ተነሣ፣
ሁለቱ ዳርቻ ተለያየ።
አልሳብሁም፤ ነሐስ አይሳብም።
ግን እጄ ውስጥ አንዴ ነቀነቀ።
የጀልባዋ ሞተር ይሆናል፣ ወይ የድልድዩ ብረት፤
ሱኩማራን ግን ይምላል፣ መሰላሉን እንዳላንቀሳቀሰ።

ፈይሩዝ፣ የወንዜ ልጅ፣
ወንዝህን የማላውቅልህ፣
ሽማግሌው ከዚያ ወዲህ አልመጣም።
እኔ ሐሙስ ሐሙስ፣ ከማጠቢያው በፊት፣ በባዶ እጄ እይዝልሃለሁ።
አለቃችን በመዝገቡ ጽፏል፦
«የገመዱ ጫፍ ወዝቷል።
ማን እንደሚነካው ይጣራ።»