ኔ

ፔራማ ወደብ ላይ፣ ጨው የበላው መርከብ በሚጠገንበት፣
ቀን ከሌት መዶሻ፣ ቀን ከሌት ብልጭታ በማይታጣበት፣
አራት ሰዎች ነበሩ፣ አፋቸውን የፈቱ በአራት ቋንቋ፤
የሚግባቡትም ግማሹን በጥቅሻ፣ ግማሹን በዕቃ፦
መፍቻ ማንሣት «አምጣ» ነው፤ ማስቀመጥ «ሻይ ልንጠጣ ነው፣ በቃ»።

ስትራቲስ ክሬን ነጂ፣ ግሪክ ነው፤ ከላይ ከብርጭቆ ቤቱ
ሰው ሁሉ ለእርሱ ራስ ቁር ነው፤ አይታየው ፊቱ።
ዝላትኮ በያጁ ቡልጋሪያዊ ነው፤ የስሞልያን ደጋ ሰው፣
ከእሳት ጋር ካልሆነ ብዙ ቃል የማይወጣው።
ሙዛፈር ቱርክ ነው፤ ለሠራተኛው ሁሉ ምስር የሚቀቅል፣
ጆሮው የከበደ፣ ሦስቴ ካልጠሩት አቤት የማይል።
ጉ ቻንሶክ ኮሪያዊ፣ የብየዳ ተቆጣጣሪ፣ ስልክ በጆሮው ይዞ
ያወራል ከእናቱ፤ እዚያ ነግቷል፤ እዚህ እርሱ ቆሟል በብርድ ተክዞ።

አንዲት ቃል ነበረች በአራቱም አፍ ውስጥ፣ ከቅንጣት ያነሰች፣
ምላስ ላንቃ ነክቶ ሳይመለስ ያለቀች።
ኔ።
በግሪኩ «አዎ» ናት። በቡልጋሪያዊው «አይደለም»፣ «አይሆንም»።
ቱርኩ «ምን?» ይልባታል። ኮሪያዊውም «አዎ» ይላታል፤
ከግሪክ ተምሮ ግን አይደለም፤
ሁለት እንግዶች አንድ ዓይነት ባርኔጣ ደፍተው ቢተላለፉ
ዝምድና የለም።

ማክሰኞ ሌሊት ነው። ሦስት ቶን ሉሕ ብረት ካየር ተንጠልጥሏል።
ስትራቲስ በራዲዮ፣ በተሰባበረ ቋንቋ፣ «ጠበቀ ወይ?» ብሏል።
ዝላትኮ መንጠቆው ሲንሸራተት አየ። ሰው ሲደነግጥ
ከተማረው ይልቅ የጠባው ቋንቋ ነው ከአፉ ላይ የሚሮጥ፤
«ኔ!» አለ። «ኔ! ኔ!»
ስትራቲስ «አዎ! አዎ!» ነው የሰማው፤ ጭራሽም ደስ አለው፣
ይህ ዝምተኛ በሦስት ዓመት አንዴ በግሪክኛ አናገረው።
ማንሻውን ለቀቀው።

ከታች ሙዛፈር፣ የተደፋ ባልዲ ላይ፣ ሽንኩርት ይልጣል።
በከባድ ጆሮው «ኔ» የሚል ጩኸት ከወዲያ ይመጣል።
አንድ ሰው «ምን? ምን?» እያለ የጠየቀው መሰለው፤
ቢላውን ይዞ ተነሣ፤ ሦስት እርምጃ ሄዶ «ኔ?» አለው።

ብረቱ ባልዲው ላይ ወረደ።

ጎህ ሲቀድ ስልኮች ጮኹ፤ ወሬ ከሰው ፈጥኖ ነበርና።
የስትራቲስ ሚስት ዴስፒና «ደህና ነህ?» አለች።
«ኔ» ቢላት አለቀሰች፣ አማተበችና።
የዝላትኮ እናት ከተራራው ማዶ፦ «ተጎዳህ ወይ ልጄ?»
«ኔ» አላት። እርሷም አለቀሰች።
ይኸው ነው እንግዲህ እኔን የገረመኝ፣ ወዳጄ፦
አንዷ በ«አዎ»፣ አንዷ በ«አይደለም»፣ ባንድ ድምፅ ዳኑ፤
ሁለት ሴቶች፣ በሁለት አገር፣ እኩል ተጽናኑ።
ቻንሶክን እናቱ «በልተሃል?» አለችው። ስለ ብረቱ አታውቅም።
«ኔ» አላት። ውሸቱን ነው፤
የእራቱ ሽንኩርት ከሉሑ ሥር ነው፤ አይወጣም።

መርማሪዋ መጣች፤ ወረቀት ዘረጋች፤ «ምን ነበር የተባለው?»
ሁሉም «ኔ» አሉ። አራት ጊዜ ጻፈችና
እስክሪብቶዋን ነከሰችው።

እኔም በኛ ፊደል ልጽፋት ብል ባዶ ሆነችብኝ፤
ብቻዋን ምንም አትልም።
«እ» ብዬ ትንፋሽ ባስቀድምላት ግን
ዘወር አለችና አየችኝ።

አሁን ለ«አቁም» ቀይ መብራት ተተክሏል።
ዝላትኮ ከእንግዲህ አውራ ጣቱን ነው የሚያወጣ።
ሙዛፈር አዲስ ባልዲ አለው፤
የትም፣ ማንም፣ በምንም ቋንቋ «ኔ» ባለ ቁጥር
ተነሥቶ ሦስት እርምጃ ይራመዳል፣
ቢላውን እንደያዘ፣
ለማንኛውም።