ያልቆረጥኩት

መቁረጥ ነው ሥራዬ፣ ቆራጥ ግን አይደለሁ፤
አልማቲ፣ ጓዳ ውስጥ፣ መስኮት ጋርጄ አለሁ፤
የሰው ሩጫ፣ የሰው ሞት፣ በሴኮንድ እለካለሁ።

ሦስት ወር ሙሉ ከፊቴ ጦር ሠራዊት ሰፈረ፤
አርባ ፈረስ ነበር ሜዳው ላይ የነበረ፣
በኮምፒውተር ተባዝቶ አርባ ሺህ ሆኖ አደረ።
አቧራው ተገዛ፣ ሰማዩ ተቀባ፣
ደመናም ታዘዘ፣ በሰዓቱ ገባ፣
የከበሮው ቁጥር ደረሰ ከሰባ።

ፕሮዲውሰሩ ሳንዣር ከኋላዬ ቆሞ፣
«ገድል እኮ ነው፣ ጨምሪ!» ይላል ደጋግሞ፤
«ተመልካች ካልደነገጠ፣
ወንበሩ ካልተንቀጠቀጠ፣
ገንዘቤ አመለጠ!»

እኔም ጨመርኩለት። ጨመርኩ፣ ጨመርኩ፣ ጨመርኩ፤
አንድ ከተማ አቃጠልኩ፣ ሁለት ድልድይ ሰበርኩ፤
የሞቱትን አስነሥቼ ደግሜ ደግሜ ገደልኩ።
ማታ ቤቴ ገብቼ ፓስታ ቀቅዬ በላሁ፤
ምንም አልተሰማኝም። እግሬን ታጥቤ ተኛሁ።

አንድ ማክሰኞ ሌሊት፣ ከትርፍራፊው ክምር፣
ስምም ቁጥርም ከሌለው ከተጣለ ፋይል ሥር፣
ካሜራው ሳይጠፋ ተረስቶ የቀረ
ሰባት ደቂቃ አገኘሁ፤ ነፋስ ብቻ የነበረ።

«ቁረጡ» ተብሎ አልቋል፤ ሠራዊቱ ለሻይ ሄዷል፤
ጎራዴው ፕላስቲክ ነው፣ ሣሩ ላይ ተጥሏል፤
ከጥግ አንድ ሽማግሌ ለብቻው ጎንበስ ብሏል።

ቶክታሲን ይባላል። ስሙን ኋላ ነው የጠየቅሁት።
የኢሊ ወንዝ ዳር ሰው፤ ከነፈረሱ ነው የቀጠሩት፤
«ሙት» ሲሉት ሦስቴ ወድቆ፣ ሦስቴም ነው ያስነሡት።

ፈረሷ ተኝታለች። ይህ ትወና አይደለም።
ሆዷ ይነሣል፣ ይወርዳል፤ ዓይኗ የሚያየው የለም።
የጠጉር ቆቡን አውልቆ ውኃ ቀዳላት፤
አልጠጣችም። በእጅጌው አፍንጫዋን ጠረገላት።

ቀና አለ። ሰው ሊጠራ አፉን ከፈተና፣
ግራ አየ፣ ቀኝ አየ፤ ሣር ነው፣ ሣርና ደመና፤
መልሶ ዘጋው አፉን።
ቁጭ አለ እንደገና።

ስንት ጊዜ ቀረጽነው ያን ሜዳ፣ ከሰማይ ላይ፣ በሰፊው!
ስፋቱን የለካሁት ግን በአንድ ሽማግሌ አፍ ነው፣
ሊጣራ ተከፍቶ፣ ለማን ብሎ በተዘጋው።

«ይህ ምንድነው?» አለ ሳንዣር፤ «ገድሉ የታለ?»
«ይኸው» አልኩት።
ሰዓቱን አየ። መነጽሩን ወልወል አደረገና፣
«በይ እሺ፣ አሳጥሪው» አለ።

አርባ ሴኮንድ አስቀረሁ። ከበሮውን አጠፋሁ።
ቦታ እንዲበቃው ብዬ ሠላሳ ሺህ ሰው ቆረጥሁ፤
የነደደውን ከተማም ከነእሳቱ አዳፈንሁ።

በምርቃቱ ምሽት እንደ ሌባ ከኋላ ተቀመጥሁ።
ፈንዲሻ ይንኮሻኮሻል፤ ስልኩን ይነካካል ጎረምሳው፤
አሥር ሺህ ፈረስ ሲጋልብ ዓይኑን ቀና አላደረገው።
ቀጥሎ ነፋሱ መጣ። ነፋስ ብቻ። ሣር።
ቆቡ። ውኃው። እጅጌው። አፉ፣ ሊናገር…

አንዲት ሴት ያነሣችው ፈንዲሻ መንገድ ላይ ቀረ፤
ጣራው ወደ ላይ ሸሸ፣ ግድግዳው ተሰወረ፤
አራት መቶ ሰው፣ ከየወንበሩ፣
«አቤት» ሊለው ሞከረ።

ቶክታሲንን ጋብዤው ነበር። መንገዱ ሩቅ ነው ብሎ አልመጣም።
በሳምንቱ ደወለ። ስለ ገንዘብ፣ ስለ ስሙ፣ አንድም አላነሣም።
«እሷ ታየች ወይ?» አለኝ።
«ታየች» አልኩት።
ከዚያ ወዲህ ቃል የለም። በስልኩ ውስጥ የሜዳው ነፋስ ብቻ።
እኔም መስመሩን
አልቆረጥኩት።