የላላ ሽቦ

በስኳር ወረቀት ተጠቅልሎ መጣ፣
ላኪው ስሙን ደብቆ፤
ቋጠሮው ግን ነገረኝ፣ ገና ሳልፈታው፦
እንድሪስ አራጋው ነው፣ ሽቦ እንኳ ሲያስር
እንደ ነዶ አጥብቆ።

እኔ ሸርፍ ተራ ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ።
ደሴ ዘፈን ሲሰማ
ከዘፈኑ በታች ያለው ጩኸት ነው ለኔ የሚሰማኝ፦
የደከመ ባትሪ፣ የዛገ መሰኪያ፣
ቅባት የጠጣ ጎማ።
ስምንት ዘፈን አለው። በቀን አንድ፣ አልኩ ለራሴ፤
ሱቄን ከውስጥ ቆልፌ፣ ቁልፉን ከትቼ በኪሴ።

አንደኛው፣
ጊታሩ ብቻውን ገባ፣
ፍሬን እንደ በጠሰ አይሱዙ በሐረጎ ቁልቁለት፤
ከበሮው ከኋላ ይሮጣል፣ “ያዙት! ያዙት!” እያለለት።
ልብስ ሰፊው ሸምሱ ግድግዳዬን ደበደበ፦
“ምንድን ነው እሱ?”
“ሮክ ነው።”
“ታዲያ አይጠገንም?”

ሁለተኛው፣
ሰው የሚወደው ይሄን ይመስለኛል።
ስለ ፍቅር ነው፤ ቃሉ ያምራል፣
ሴትዮዋ ግን የለችበትም።
ወደ ኋላ አልመለስኩትም።

ሦስተኛውን አራት ጊዜ ሰማሁት።
ድራሙ የሚመታው የኮምቦልቻን ጨርቃ ጨርቅ ነው፣
ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ የሌሊት ፈረቃ ማሽን፤
እናቱ ዘይነባ ሃያ ሦስት ዓመት
ብናኝ እየተነፈሰች የቆመችበትን።
ሁለት ስንኝ ብቻ አለው፣ እየመላለሰ ይጮኸዋል፦

    ጆሮሽ ለማሽኑ፣ እጅሽም ለድውር፣
    ምን ተረፈኝ ለኔ ከመጮህ በስተቀር?

እኔ ሞኙ፣ ስንት ዘመን
“ድምፁን ቀንስ፣ ስፒከሩ ይቀደዳል” ስለው ኖሬ!
ዘይነባ እንድትሰማ ነበር።
መስማት ያቆመችው መቼ እንደሆነ
አልጠየቅሁም እስከ ዛሬ።

በአራተኛው ቀን መብራት ጠፋ።
ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ እስከ ደጄ ደረሰ።
አራት የባትሪ ድንጋይ ነበረኝ፣ አዲስ፤
ተውኩት። ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ
የትናንቱን አላመጥኩ።

በማግስቱ ሰማሁት። አምባሰል ነው፣
ግን የቆዳ ጃኬት አልብሶታል፤
ከሠርግ ድንኳን ደጃፍ እንደቆመ የአጎት ልጅ፦
ሁሉም ያውቀዋል፣
“ግባ” የሚለው የለም እንጂ።

አምስተኛው ቦርከናን ይጠራል፣ ክረምት ላይ። ሌላ አልያዝኩለትም።

ስድስተኛውን ማጫወቻው በላው።
የሰውን ካሴት ስንቱን አድኛለሁ፣ የራሴን አስበላሁ!
በእርሳስ አሽከረከርኩት፣ በጥፍሬ አቃናሁት፤
አሁን መሃል ላይ ሲደርስ
ድምፁ ከጠጅ ቤት እንደወጣ ሰው ይንገዳገዳል።
እንዲህ ያለው በዓለም አንድ ነው፣ እኔ ጋ።

ሰባተኛው አጭር ነው። መጨረሻው ላይ ሳል አለ።
ሳሉን አወቅሁት።

ስምንተኛው
ከመጀመሩ በፊት እምምም የሚል አለ።
እጄ ሳላዘው መበየጃውን ሶኬት ላይ ሰካ፤
ይሄ ድምፅ የኔ ነው ለካ።
ከፈረሰ ሲኒማ ቤት ስፒከር፣
ከወታደር ሬዲዮ ትራንስፎርመር
ክረምቱን ሙሉ የሠራሁለት ማጉያ፤
አንዲት ሽቦ ላልታበት፣
“ሰኞ አምጣው፣ እበይደዋለሁ” ያልኩት።
ሰኞ፣ ሰኞ ገበያ መሃል፣ ሰው ፊት፣
ሰማንያ ብሬን ጠየቅሁት።
ማጉያውን አላመጣውም።
ከዚያም ደሴ አላየችውም።

አሁን ሳዳምጠው፣ ጊታሩን የቃኘው
በኔ ጉድለት ነው። ወፍራሙን ክር
ከዚያ ጩኸት ጋር አስተካክሎ፣
ዜማውን ከላዩ ጥሎ፣
እንደ ቤት ወለል ረግጦት ይሄዳል።
ስሜን አያነሳም። ብሩንም አያነሳም።

ዘፈኑ አለቀ፤ እምምታው ግን ቀጠለ፣
ካሴቱ እስኪቆም ድረስ።
መበየጃው ግሎ ነበር፤ ነቀልኩት።

ሸምሱ በግድግዳው፦ “አሁንስ ተጠገነ?”
“ቆይ” አልኩት።
ካሴቱን ትንሽ መለስ አድርጌ፣
ከዘፈኑ በፊት ወዳለው።